ኮሜዲያ ዴላርቴን አጥንቶ በወርክሾፕ ማስተማር፦ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ልምምድ ክፍል

የሌላ አገር የትያትር ባህል በወርክሾፕ ለማስተማር የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ መጀመሪያ ያነባል፣ ቀጥሎ ያስተምራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ንባቡ ለብቻው ስለተሠራ የመጀመሪያው ቀን በገለጻ ያልቃል፤ በሁለተኛው ቀን ተሳታፊው ጭምብል አጥልቆ ከዩትዩብ ያየውን ይኮርጃል። ሁለቱ አንድ ሥራ የሚሆኑት፣ ከመጽሐፍ የተገኘው ነገር ሁሉ «ይህን በሰውነት እንዴት እንሞክረው?» የሚል ጥያቄ ይዞ ወደ ክፍል ሲገባ፣ ከክፍል የወጣውም ጥያቄ ወደ ምንጩ ሲመለስ ነው።

እዚህ የምናሳየው ይህን አካሄድ በኮሜዲያ ዴላርቴ ላይ ነው። ዕቅዱ አዲስ አበባ መሀል ከተማ፣ ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው አካባቢ ክፍል ላገኘ ሰው የተዘጋጀ ነው፦ ስድስት ቅዳሜ፣ በየቅዳሜው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ 14 ተሳታፊ። ከ16 በላይ አትቀበሉ፤ ጭምብል አጥልቆ የሚሠራውን ሰው አንድ በአንድ ማየት አትችሉም።

ኮሜዲያ ዴላርቴ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያን ምድር ላይ የበቀለ፣ በትያትር የሚተዳደሩ ተዋንያን ያሳደጉት ባህል ነው። «አርቴ» እዚህ ላይ ሙያ ማለት ነው፤ እንጀራ የሚበላበት ሥራ። ገጸ ባሕርያቱ ቋሚ ናቸው፦ የቬኒሱ ሽማግሌ ነጋዴ ፓንታሎኔ፣ የቦሎኛው አዋቂ ነኝ ባይ ዶቶሬ፣ ከቤርጋሞ ተራሮች ሥራ ፍለጋ የወረደው ርሃብተኛ አሽከር ዛኒ፣ ጉረኛው ወታደር ካፒታኖ፣ ፊታቸውን የማይሸፍኑት ፍቅረኞች። ሙሉ ቃለ ተውኔት አይጻፍም። የታሪኩ አጭር ንድፍ ይቀመጥና ንግግሩን ተዋናዩ እዚያው መድረክ ላይ ያመጣዋል።

ጥናቱ፦ ሦስት ክምር

ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ለጥናት መድቡ። የምታገኙትን ሁሉ በሦስት ክምር ለዩ፤ ካልለያችሁ ሳታውቁት ውሸት ታስተምራላችሁ።

አንደኛው ክምር በዘመኑ የተጻፈ ወይም የተሣለ ነው። ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ በፓዶቫ ከተማ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1545 እ.ኤ.አ. ስምንት ሰዎች በውል አዋዋይ ፊት የገቡት የማኅበር ውል ነው። ዕቃቸውን የሚጭኑበት ፈረስ በጋራ ይገዛሉ፤ ገንዘባቸው ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣል፣ ቁልፎቹም በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ ይሆናሉ፤ የታመመ በጋራው ገንዘብ ይረዳል። ቀጥሎ ተዋናዩ ፍላሚኒዮ ስካላ በ1611 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸው 50 የትዕይንት ንድፎች አሉ። እያንዳንዱ ንድፍ የታሪኩን መነሻ፣ የተዋንያኑን ዝርዝርና የሚያስፈልገውን ቁሳቁስ አስቀምጦ በሦስት ገቢር ይሄዳል። የሥዕል ማስረጃም እዚሁ ይገባል፣ ግን በጥንቃቄ። ዣክ ካሎ በ1620ዎቹ መጀመሪያ የሠራቸው 24 ትንንሽ ሥዕሎች እንደ ፎቶግራፍ ሲታመኑ ኖረዋል፤ ሰዓሊው ግን ጭፈራ እያጋነነ ነው የሣለው። ከእነሱ የወገብና የጉልበት አቋም መነሻ ሐሳብ መውሰድ ይቻላል። «መድረክ ላይ እንዲህ ይቆሙ ነበር» ማለት ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ክምር የ20ኛው ክፍለ ዘመን ትንሣኤ ነው። ባህሉ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተዳክሞ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚሄደው ሰንሰለት ተበጥሶ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሰጠው የአካሄድና የአቋም ትምህርት አብዛኛው የመጣው ሚላኖ ውስጥ በ1947 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው ፒኮሎ ትያትር፣ የቆዳ ጭምብል አሠራርን መልሶ ካገኘው ቀራፂ አምሌቶ ሳርቶሪ፣ ከእሱም ጋር ፓዶቫ ላይ ከሠራው ከፈረንሳዊው የትያትር መምህር ከዣክ ለኮክ ነው። ስለዚህ የፓንታሎኔን አካሄድ ስታሳዩ «የ16ኛው ክፍለ ዘመን አካሄድ ነው» አትበሉ፤ «የኋላ ዘመን መምህራን ከሥዕልና ከጭምብሉ ቅርጽ ያወጡት መፍትሔ ነው» በሉ። ልምምዱ በዚህ ምክንያት ክብሩ አይቀንስም። እንዲያውም ተሳታፊው እሱም መፍትሔ መፈለግ እንደሚችል ይገባዋል።

ሦስተኛው ክምር የሰሚ ሰሚ ነው። «የዛኒ አፍንጫ በረዘመ ቁጥር ሞኝነቱ ይብሳል» የሚለው በየወርክሾፑ የሚደጋገም ሕግ እዚህ ይቀመጥ። ለልምምድ ይጠቅማል፤ ለታሪክ ግን አይጠቀስም።

እያንዳንዱን ግኝት በአንድ ካርድ ላይ በአራት መስመር ጻፉት፦

ነገሩ፦ የጋራ ሣጥን፣ ሦስት ቁልፍ።
ምንጩ፦ የፓዶቫ ውል፣ 1545 እ.ኤ.አ.።
ክምሩ፦ አንደኛ።
ሙከራው፦ ሰባት ሰባት ሆነው በ30 ደቂቃ የራሳቸውን ማኅበር ውል ይጽፋሉ።

አራተኛው መስመር ባዶ የቀረበት ካርድ ወደ ልምምድ አይገባም። እንዲህ ያሉት ካርዶች ተሰብስበው በየቅዳሜው 10 ደቂቃ ንግግር ይበቃቸዋል።

መጻሕፍት ለመፈለግ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርንና አራት ኪሎ ያለውን አብርሆትን ተመልከቱ። የስካላ የ1611 ኅትመት በስካን ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፣ የእንግሊዝኛ ትርጉምም አለው። ከ50ዎቹ ንድፎች አንዱን ራሳችሁ ወደ አማርኛ መልሱ፤ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አትስጡ። ስትተረጉሙ ስካላ ደጋግሞ «በዚህ መሀል» የሚል ሐረግ እንደሚጠቀም ታያላችሁ። አንዱ ሲናገር በዚህ መሀል ሌላው ይገባል፤ ሁለቱ ሲጣሉ በዚህ መሀል ሦስተኛው ከመስኮት ብቅ ይላል። የትዕይንቱ ሞተር ያ ሐረግ ነው፤ በአማርኛም አንድ ነገር ሳይጎድለው ይሠራል። ይህን ከማንም ማጠቃለያ አታገኙትም፤ ጽሑፉን በእጃችሁ ስትነኩት ብቻ ነው የሚታየው።

የሚጠናው ኮሜዲያው ብቻ አይደለም። ከወርክሾፑ በፊት ፒያሳ ሀገር ፍቅር ወይም ብሔራዊ ትያትር ገብታችሁ አንድ ተውኔት እዩና ሁለት ነገር መዝግቡ፦ ተዋናዩ ሐሳቡን በፊቱ የሚገልጸው መቼ ነው? ተመልካቹስ መቼ ድምፅ ያሰማል? የእኛ መድረክ ቃል የከበረበት ነው፤ ተዋናዩ በተጻፈ ቃልና በፊቱ ይተማመናል። ጭምብሉ ሁለቱንም ይወስድበታል። የት ላይ እንደሚጨነቅ አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ልምምዱን ለዚያ ታዘጋጃላችሁ።

ጭምብሉን መሥራት

የኮሜዲያ ጭምብል ከግንባር እስከ ላይኛው ከንፈር የሚደርስ ግማሽ ጭምብል ነው፤ አፍ ነፃ ይሆናል። ዋናው የሚሠራው ከቆዳ ነው፤ ለቆዳ ግን የእንጨት ቅርጽና ረጅም ሙያ ያስፈልጋል። ለወርክሾፕ ወረቀት ይበቃል። ስትጠሩት «ጭምብል» በሉ፤ «ማስክ» ስትሉ የተሳታፊው ሐሳብ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል።

ለ14 ሰው አምስት የጭቃ ቅርጽ ይበቃል፤ ከእያንዳንዱ ሦስት ጭምብል ይወጣል። ለአንዱ ቅርጽ ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሸክላ ጭቃ ያስፈልጋል፤ ቀጨኔ ካሉ ሸክላ ሠሪዎች ጠጠሩ የተለቀመ ጭቃ ይገኛል። ጭቃውን በጣውላ ላይ በሰው ፊት ልክ ቅረጹ። ጠርዝ አውጡለት፦ የቅንድብ አጥንት፣ የጉንጭ እጥፋት፣ የአፍንጫ ጀርባ። ጀማሪ ሁሉን ነገር ያለሰልሳል፤ የለሰለሰ ጭምብል ከሩቅ ሲታይ እንቁላል ነው። ከአራት ሜትር ርቃችሁ በአንድ አምፖል ብርሃን ቅርጹን ወደ ላይና ወደ ታች አዘንብሉት። ጥላው ሲንቀሳቀስ ፊቱ አንዴ የሚቆጣ፣ አንዴ የሚለምን ካልመሰለ ወረቀት አትለጥፉበት፤ መልሳችሁ ቅረጹት።

ማጣበቂያው እንዲህ ይዘጋጃል። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። አራት ኩባያ ውሃ ሲፈላ እያማሰላችሁ ጨምሩበት፤ ወፈር ያለ አጥሚት ሲመስል አውርዱት። ሲቀዘቅዝ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮላና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባል። ከሁለት ቀን በላይ አይቀመጥም፤ ከኮመጠጠ ድፉት።

ቅርጹን ቫዝሊን ቀቡ። ወረቀቱን በመቀስ አትቁረጡት፣ በእጅ ቅደዱት፤ የተቀደደ ጠርዝ እርስ በርሱ ይዋሃዳል፣ የተቆረጠ ግን መስመር ያስቀራል። ስፋቱ 2፣ ርዝመቱ 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አፍንጫ ላይ የዚያ ግማሽ። አንዱን ንብር በአሮጌ ጋዜጣ፣ ቀጣዩን በሲሚንቶ ከረጢት ቡናማ ወረቀት (አቧራው ከተራገፈ ከውስጠኛው ንብር) እያፈራረቃችሁ ስድስት ንብር አድርሱ። ቀለማቸው ስለሚለያይ ያልተሸፈነው ቦታ ወዲያው ይታያል። በአንድ ቀን ከሦስት ንብር በላይ አትለጥፉ፤ ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ሲፈታ ይጨማደዳል። በበጋ ጥላ ሥር ነፋስ ባለበት ሁለት ቀን ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ይጣመማል። በሐምሌና በነሐሴ አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ሻጋታም ይይዘዋል፤ ስለዚህ ወርክሾፑን በክረምት ካደረጋችሁት ጭምብሎቹን አስቀድማችሁ በግንቦት ጨርሱ።

ሲደርቅ ከጠርዙ በማንኪያ እጀታ እየላቀቃችሁ አውጡት። የዓይኑን ቀዳዳ በ1 ሳንቲ ሜትር ጀምሩና እያያችሁ አስፉ፤ ትልቅ ቀዳዳ የተዋናዩን ፊት ያሳይና ጭምብሉ መነጽር ይሆናል። ውስጡን ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት፤ ያለዚያ በሦስተኛው ቅዳሜ ላብ ያለሰልሰዋል። ግንባሩና ጉንጩ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ለጥፉ። 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የልብስ ላስቲክ ከጆሮ በላይ፣ በዓይን ትይዩ ይታሰር፤ ዝቅ ካለ አፍንጫን ተጭኖ ድምፅ ያፍናል። ውጪው ጥቁር ቡናማ ይሁን፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ ቀቡት፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም በመብራት ሥር የቅርጹን ጥላ ይገድለዋል።

ቅዳሜዎቹ

የመጀመሪያው ቅዳሜ ያለ ጭምብል ነው። የፓዶቫው ውል ይነበባል። የአዲስ አበባ ተሳታፊ ሦስት ቁልፍ ያለውን ሣጥንና የታመመ የሚረዳበትን አንቀጽ ሲሰማ ማብራሪያ አይጠይቅም፤ የእድር መተዳደሪያ ነው። ከዚያ የራሳቸውን ውል ይጻፉ፦ የዘገየ ምን ይሆናል፣ የጭምብሉ ጠባቂ ማን ነው፣ የመውጫው ደንብ ምንድን ነው። ያ ውል ለስድስቱም ቅዳሜ ይሥራ፤ ከዚያ በኋላ የመዘግየት ክርክር ከእናንተ ጋር መሆኑ ቀርቶ ከማኅበሩ ጋር ይሆናል።

ሁለተኛው ቅዳሜ የዛኒና የጭምብል ደንብ ነው። ደንቡ ጥቂት ነው፦ ጭምብል የሚጠለቀው ጀርባ ዞሮ ነው፤ ከተጠለቀ በኋላ በእጅ አይነካም፤ ግንባር ላይ ሰቅሎ ወሬ ማውራት የለም። ከመጥለቁ በፊት ተሳታፊው ጭምብሉን በሁለት እጁ ይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይየው። መስታወት ከክፍሉ ይውጣ ወይም ይሸፈን።

የዛኒ አቋም ዝቅ ያለ ነው፦ ጉልበት ታጥፎ፣ ወገብ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ አፍንጫ ወደ ፊት ወጥቶ። ከ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ በኋላ ይሠራ፤ በአንድ ጊዜ ከአራት ደቂቃ አይለፍ። ጉልበት ወደ ውስጥ ከገባ አስቁሙ። ሰንበሌጥ መስሎ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ካለ ብዙውን ጊዜ ጉልበቱን ያመዋል፤ ከፍ ብሎ እንዲሠራ ፍቀዱለት። በጾም ወራት ብዙው ተሳታፊ ሳይቀምስ ስለሚመጣ ዝቅ ያለው ሥራ በመጀመሪያው ሰዓት ይለቅ፣ የንድፍ ሥራው ወደ መጨረሻ ይሂድ።

ከዚያ የዝንቧ «ላዚ» ይመጣል። ላዚ ማለት ተዋናዩ በየትኛውም ትዕይንት ውስጥ ሊያስገባው የሚችል የተጠና የጨዋታ ቁራጭ ነው። የዝንቧ ላዚ በጣም የታወቀ ነው፦ የራበው ዛኒ ዝንብ ይዞ ይበላል። በዚህ ቅደም ተከተል ያዙት። ዛኒ ቆሞ ባዶ ሆዱን ያዳምጣል። የዝንብ ድምፅ ይሰማል፤ መጀመሪያ አፍንጫው ይዞራል፣ ቀጥሎ አንገቱ፣ ቀጥሎ ደረቱ፣ በመጨረሻ እግሩ። ወደ ተመልካቹ ዞሮ ያያል፤ ያለ ቃል «ሰማችሁ?» ይላል። ዝንቧ ጉልበቱ ላይ ታርፋለች፤ ይስታታል፤ ወደ ተመልካች ያያል። አፍንጫው ላይ ታርፋለች፤ ራሱን ይመታል፤ ያያል። በሦስተኛው ይይዛታል። ጭብጡን ጣት በጣት ይከፍታል፣ አንድ ክንፍ ነቅሎ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ነቅሎ ያስቀምጣል፣ የቀረውን ለክቡር እንግዳ ጉርሻ እንደሚያዘጋጅ ሰው ጠቅልሎ ለራሱ ያጎርሳል።

ይህ ሁለት ደቂቃ ሊፈጅ ይገባዋል፤ ጀማሪ በ20 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ምክንያቱ እጁ ከአፍንጫው መቅደሙ ነው። እጅ ሲቀድም ጭምብሉ መሬት ያያል፣ ተመልካቹ የሚያየው አናት ብቻ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሁለቱን እጆች በነጠላ ወደ ኋላ አስራችሁ ዝንቧን በአፍንጫ ብቻ ለሦስት ደቂቃ ያሳድድ። እናንተ በአምስት ሜትር ርቀት ቆማችሁ የጭምብሉ ዓይን በጠፋ ቁጥር «ጠፋብኝ» በሉ። ሌላ አስተያየት አትስጡ። ቀስ በቀስ አንገቱ ራሱ መንገዱን ያገኛል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ፓንታሎኔና ዶቶሬ፣ አራተኛው ካፒታኖና ፍቅረኞች ናቸው። በኮሜዲያ ውስጥ ሴቶች ገና በ16ኛው ክፍለ ዘመን መድረክ ላይ ነበሩ፤ ተዋናይቷ ኢዛቤላ አንድሬይኒ (1562–1604 እ.ኤ.አ.) በዘመኗ ስሟ የገነነ ነበር። ሴት ተሳታፊዎችን በፍቅረኛነት ብቻ አትወስኑ፤ ዛኒም ካፒታኖም ይሁኑ።

የሦስተኛውና የአራተኛው ቅዳሜ ከባዱ ጥያቄ ቋንቋ ነው። በጣልያን እያንዳንዱ ጭምብል በየራሱ ቀበልኛ ይናገር ነበር። ይህን በቀጥታ ወደ እኛ አምጥቶ ለዛኒ የአንድን ብሔረሰብ ወይም የአንድን ክፍለ አገር አነጋገር መስጠት ስሕተት ነው። ሳቅ ይገኝበት ይሆናል፤ ግን ሳቁ በርሃቡ ላይ መሆኑ ቀርቶ በሰዎቹ ላይ ይሆናል፣ ክፍሉ ውስጥም የሚቆስል ሰው አይጠፋም። ለዶቶሬ የሐሰት ግእዝ መስጠትም እንዲሁ ነው። ቀበልኛውን ትታችሁ የአነጋገር ወግ ቀይሩ። ፓንታሎኔ በደላላና በነጋዴ ቋንቋ ይናገር፣ ዋጋ ሳይጠራ አረፍተ ነገር አይጨርስ። ዶቶሬ የስብሰባ አማርኛ ይኑረው፦ «ከዚህ አኳያ»፣ «ከመሆኑ ጋር ተያይዞ»፣ «አቅጣጫ ተቀምጦበት»። ካፒታኖ ፉከራ ይያዝ፤ ፉከራውን ግን በሙሉ ክብሩ በትክክል ይፎክር፤ ሳቁ ከኋላው በር ሲንኳኳ በሚያደርገው ነገር ይምጣ። ፍቅረኞቹ እንደ ደብዳቤ ይናገሩ።

እዚህ ላይ «ፈጠራ ማለት ከባዶ መናገር ነው» የሚለው ግንዛቤ መታረም አለበት። የኮሜዲያ ተዋንያን ጉራውን፣ ለቅሶውን፣ ምክሩን በደብተር ሰብስበው፣ በቃላቸው ይዘው ነበር የሚገቡት። ለተሳታፊዎች የቤት ሥራ ስጡ፦ ካፒታኖ የሚሆን 10 ፉከራ፣ ፍቅረኛ 5 ምሬት፣ ዶቶሬ 3 ማብራሪያ በደብተር ይዞ ይምጣ። ለምልልስ ፍጥነት ከአዝማሪ ቤት «ተቀበል»ን ተዋሱ፦ ከዳር ያለው ሰው አንድ መስመር ይወረውራል፣ ጭምብል ያጠለቀው ሳይዘገይ በገጸ ባሕርዩ አነጋገር ይመልሳል። ግጥም እንዲሆን አታስገድዱ፤ ቤት መምቻ ፍለጋ ሰውነቱን ያደርቀዋል።

አምስተኛው ቅዳሜ ንድፍ ነው። በአንድ ትልቅ ወረቀት ተጽፎ ከመጋረጃው ጀርባ ይለጠፋል፤ ተዋናዩ ከመግባቱ በፊት እዚያ አይቶ ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ አይርዘም፦

«ፓንታሎኔ ለዛኒ የኪራይ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤና የታክሲ ገንዘብ ይሰጠዋል። ይወጣል። ዛኒ በገንዘቡ ዳቦ ይገዛል። በዚህ መሀል ፍቅረኛይቱ ትገባለች፤ የፍቅር ደብዳቤ ትሰጠዋለች። ትወጣለች። ዛኒ ዳቦውን በአንዱ ደብዳቤ ይጠቀልላል። በዚህ መሀል ካፒታኖ፣ ተከራዩ፣ ይገባል። ዛኒ የቀረውን ደብዳቤ ይሰጠዋል። ካፒታኖ ያነባል።»

የትኛው ደብዳቤ ለካፒታኖ እንደደረሰ አትጻፉ፤ ዛኒው መድረክ ላይ ይወስን። በዚህ ንድፍ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ የገባ ሰው መውጣት ያቅተዋል። ሁሉም እዚያው ይከማቻል፣ ሁሉም ይናገራል። የመውጫ ምክንያት ከመግቢያው በፊት ይወሰን፤ «የምወጣው ለምንድን ነው?» የሚለውን ያልመለሰ አይግባ።

ስድስተኛው ቅዳሜ ለ30 ሰው ገደማ የ20 ደቂቃ ትዕይንት ነው። ወንበሮቹን በሦስት ረድፍ፣ ከመጫወቻው ሁለት ሜትር ብቻ አርቁ። መብራቱ ከፊት ከፍ ብሎ፣ ከአንድ ወገን ይምጣ። ተመልካቹ ቃል ሲወረውር ተዋናዩ ይመልስ እንጂ አይለፈው። ቪዲዮ ከመቅረጽ በፊት የእያንዳንዱን ተሳታፊ ፈቃድ ጠይቁ።

ሲያበቃ ጭምብሎቹ ውስጣቸው በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ በላስቲካቸው ይሰቀሉ፤ ከተደራረቡ አፍንጫቸው ይሰበራል። ካርዶቹን አውጡና በእያንዳንዱ ጀርባ ክፍል ውስጥ የሆነውን ጻፉ። በዛኒ ካርድ ላይ «ዝቅ ያለው አቋም ከአራት ደቂቃ በላይ አልተቻለም» የሚል ከተጻፈ፣ በስካላ ንድፍ ውስጥ ዛኒ ሳይወጣ ስንት ትዕይንት እንደሚቆይ ቁጠሩ።